ያልተጣሉ ሰዎች ዕርቅ

ቀናተኛ ነኝ። ይህን የምናገረው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፤ የማኅበራችን ሰዎች በሙሉ፣ ሹፌሩ ሳይቀር፣ ከገዛ አፌ ስለሰሙት ነው። አንዴ የተሰማን ነገር መደበቅ ደግሞ ትርፉ ድካም ነው።

ስሜ ፈትለወርቅ ይባላል። አምቦ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከአንድ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ልብስ እሰፋለሁ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የምቀናባት ድንቅቱም ከዚሁ በረንዳ ነው የወጣችው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ እናቷ እጇን ይዛ አመጣቻትና "ሙያ አስይዢልኝ" አለችኝ። የመቀስ አያያዙንም፣ ልኬቱንም፣ ጨርቅ አቆራረጡንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሠራን። ዝናብ ሲመጣ መኪኖቻችንን ተጋግዘን ወደ ውስጥ እንገፋለን፤ ምሳችንን ከአንድ ሰሃን እንበላለን። እኔን "እትዬ" ትለኛለች፤ አሁንም ድረስ።

ከዚያ የባህል ልብስ ዘመን መጣ። ሰርግ ሲደገስ ሙሽራዋ ብቻ ሳትሆን አባት፣ እናት፣ ሚዜ፣ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ሁሉ በአንድ ቀለም መልበስ ጀመረ። ድንቅቱ ቀድማ ነቃች። እኔ "ይኼ የሁለት ቀን ወረት ነው፣ ያልፋል" ብዬ ተቀመጥኩ። አላለፈም። እሷ አዲሱ ሕንፃ ላይ አንደኛ ፎቅ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ሱቅ ተከራየች። ሦስት የኤሌክትሪክ መኪና፣ አራት ሠራተኛ፣ ደረጃው ሥር ደግሞ የራሷ ፎቶ ያለበት ማስታወቂያ። ከሁሉም ያቃጠለኝ ፎቶው ነው። እኔ ፎቶ የተነሳሁት ለመታወቂያ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ የተቆጣሁ እመስላለሁ።

ፊት ለፊቷ ግን እስቃለሁ። "እሰይ እህቴ፣ ያብዛልሽ!" እላለሁ። ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ግን ጸሎቴ ሌላ ነው፤ "ጌታዬ ሆይ፣ ለሷ ስትሰጥ አየሁ። የኔ አድራሻ ነው የጠፋብህ?" እለዋለሁ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ መልአኩ፣ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆነ ፊቴንም እንደ ፋይል ገልጦ ያነባል፤ "ዛሬ ደግሞ ድንቅቱ ምን ገዛች?" ይለኛል። እኔም እገነፍላለሁ፤ "ምን አገባኝ? የሷን እኔ ምን አውቄ!" እልና፣ ምን እንደገዛች አንድ በአንድ እነግረዋለሁ።

እንዲህ ሆኜ ሦስት ዓመት ቆየሁ። ከመልአኩ በቀር ሰውም አላወቀብኝ። ባለፈው ጥር፣ የማኅበራችን ዋዜማ፣ ዓርብ ረፋድ ላይ ግን አፌ አመለጠኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነታቸውን ነው።

አንድ ሽማግሌ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ትልቅ ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘው፣ ከመናኸሪያው ወጥተው በረንዳዬ ፊት ቆሙ።

"አከም ጅርቱ፣ አዴ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ።

"ነጋ፣ ኦቦ። ይግቡ፣ ምን ልርዳዎት?"

"ሱቂን ድንቅቱ ኤሳ? የድንቅቱ ሱቅ የት ነው? ከሐሮ ወንጪ ነው የመጣሁት፣ ሂርጳ እባላለሁ። ልጄ ሃዋኒ እሑድ ትዳራለች። ልብሱን ውሰድ ብላ ልካኝ ነው። የሷም፣ የኛም፣ የሚዜዎቹም አለ፤ ለዚህ ነው ማዳበሪያ የያዝኩት።"

ከተቀመጥኩበት ሆኜ ብጠቁም ጣቴ ሕንፃውን ይነካው ነበር። ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠዋት የመጣልኝ ሥራ አንድ የተቀደደ ኪስ ነበር፤ ኪስ! እኚህ ሰው ደግሞ ከወንጪ ድረስ በማዳበሪያ የሚጫን ልብስ ሊወስዱ መጥተዋል። ምላሴ ቀደመኝ።

"ድንቅቱ? ጉደር ገብታለች እኮ! ሱቋን ወደዚያ ካዛወረች ቆየች።"

"ጉደር? ልጄ አምቦ ነው ያለችኝ።"

"ድሮ ነዋ። አሁን ጉደር ነች።"

ሽማግሌው ማዳበሪያቸውን አስተካክለው ያዙና "ገለቶሚ። ዋቅኒ ሲፍ ሃ ኬኑ" ብለው መረቁኝ፤ እግዜር ይስጥሽ ማለታቸው ነው። ወደ ጉደር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ አየኋቸው። ልጠራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ረዳቱ ቀድሞኝ በሩን ዘጋው። መልሼ ኪሱን መስፋት ጀመርኩ፤ አጣምሜም ሰፋሁት።

ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ድንቅቱ ራሷ እየሮጠች መጣች። መነጽሯ ግንባሯ ላይ ተሰቅሏል፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው።

"እትዬ፣ አንድ ሽማግሌ በዚህ ሲያልፉ አላየሽም? ከወንጪ ይመጣሉ ተብሎ ስጠብቅ ዋልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው። ልጅቱም ኔትወርክ የላትም፣ አንዴ ብቻ አግኝቻት 'አባዬ በጠዋት ወጥቷል' ብላኝ ተቋረጠ። መንገድ ላይ ምን ገጥሟቸው ይሆን?"

"አላየሁም" አልኳት። አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት ማስታመም ግድ ነው።

"ነገ ደግሞ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው፤ ጥዬ አልሄድ! እመቤቴ ትጠብቃቸው እንጂ ምን አደርጋለሁ። ከነገ በኋላ ጽዋውን የምትወስጂው አንቺ ነሽ አይደል? እንኳን ከኔ እጅ ደረሰሽ።" ግንባሬን ሳመችኝና ሄደች። ከመሳሟ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የማኅበራችን ነገር እንዲህ ነው። በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ስም እንሰበሰባለን፤ ተራ በተራ እንደግሳለን። ከጸሎቱና ከመብሉ በኋላ የወሩ ባለ ተራ ጽዋውን ለሚቀጥለው ተረኛ በገዛ እጁ ያስረክባል። ታዲያ ከማስረከቡ በፊት ሙሴያችን፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ ጋሽ ወልደሰንበት፣ ሁለቱን አቁሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። "ሰጪና ተቀባይ፣ በልባችሁ ቂም አለ?" ይላል። ቂም ካለ ጽዋው አይነሳም፤ ሽምግልና ይቀመጣል። ሁላችንም "የለም" ነው የምንለው። አንድ ጊዜ ብቻ በአጥር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች "አለ" ብለው እስከ ማታ አስቀምጠውናል።

ቅዳሜ የድንቅቱ ቤት ጢም ብሎ ሞላ። ሶፋው አዲስ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ያንን ሶፋ በዓይኔ ለብልቤ እጨርሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን አልታየኝም። ድንቅቱ እንግዳ እያስተናገደች በመሐል በመሐል ስልኳን ታያለች። "አልተገኙም?" ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች። የቀረበልኝን ጠላ ሳልነካ አስቀመጥኩት። ሙሽራዋን በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት፤ ነገ በጠዋት ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ፣ እሷ በቤት ልብሷ።

ጋሽ ወልደሰንበት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ድንቅቱ ጽዋውን በጥልፍ ጨርቅ እንደተሸፈነ አንስታ ፊቴ ቆመች።

"ሰጪና ተቀባይ፣ በልባችሁ ቂም አለ?"

"የለም" አለች ድንቅቱ ፈገግ ብላ።

እኔ ዓይኔን ጽዋው ላይ ተከልኩ።

"ፈትለወርቅ?"

"አለ" አልኩ።

"ከማን ጋር?"

"ከሷ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የምቀልድ መስሏቸዋል። ድንቅቱም እየሳቀች፣ "እትዬ! ምን አደረግሁሽ ደግሞ?" አለች።

"ምንም።"

"ታዲያ?"

"ምንም አላደረግሽኝም። እሱ ነው ችግሩ። ብታደርጊኝማ ተጣልተን፣ ታርቀን ይኼኔ ተገላግለን ነበር።"

ጋሽ ወልደሰንበት ግራ ገባቸው። "እኔ እዚህ ቦታ ከቆምኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ያልተጣላ ሰው ሳስታርቅ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በይ ልጄ፣ ዘርግፊው" አሉኝ።

ዘረገፍኩት። ስለ ፎቶው፣ ስለ መስታወቱ፣ ፊቷ ላይ ስለምስቀው ሳቅ፣ "ያብዛልሽ" ስል ሆዴ "ያሳንስልሽ" ስለሚለው። ሰዉ መሳቁን እየተወ ሄደ። መጨረሻ ላይ፣ "ኦቦ ሂርጳም አልጠፉም። ጉደር የላክኋቸው እኔ ነኝ" አልኩ።

ድንቅቱ ጽዋውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ጉደር?"

"ጉደር።"

"ሌሊቱን ሙሉ 'ገደል ገብተው ይሆናል' እያልኩ እመቤቴን ስለምን አደርኩ። አንቺ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ሽርጧን ፈታች፣ የሱቋን ቁልፍ ከግድግዳው አወረደች። "ጽዋው ይቆይ። የሃዋኒ ልብስ ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ሰርጉ ነገ ነው" አለችና ወደ በሩ ሄደች። እኔን ዞር ብላም አላየችኝ።

"እኔም እሄዳለሁ" አልኩ።

"እኔም" አሉ ጋሽ ወልደሰንበት። "ሽምግልናው አላለቀም። ጠላው ከሻገተም ይሻግት።"

ጎረቤቷ ኤልያቄም የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ጴንጤ ነው፤ ማኅበር ባይጠጣም ማኅበርተኛ ከማድረስ ወደ ኋላ አይልም። ነገሩን ሲሰማ ቁልፉን አንስቶ "ግቡ" አለ። ልብሱን ከሱቁ ጭነን፣ አምስት ማኅበርተኞች ሆነን ወደ ወንጪ ሽቅብ ወጣን። ድንቅቱ ከፊት ተቀመጠች። እኔ ከመጨረሻው ወንበር ከጋሽ ወልደሰንበት ጎን ተሸጎጥኩ፤ የተያዘ ሌባ ነው የምመስለው።

ትንሽ እንደሄድን ጋሽ ወልደሰንበት፣ "ቅጣትሽን ልንገርሽ?" አሉኝ።

"ይንገሩኝ። ምንም ቢሆን እቀበላለሁ።"

"ወንጪ እስክንደርስ እግዜርን ምንም አትለምኚው። ተመስገን ብቻ በይ፤ ጮክ ብለሽ፣ ሰው እየሰማሽ። አንቺ የጎደለሽ ገበያ አይደለም፤ ምስጋና ነው የጎደለሽ።"

ስግደት ወይ ጾም ነበር የጠበቅኩት። ስግደት ብቻዬን ስለሆነ ይቀል ነበር። እንደ ምንም ጀመርኩ፤ "እሺ... ስላለሁ ተመስገን።"

"አሜን!" አለ ኤልያቄም ከመሪው ላይ።

"ስለ ጤናዬ ተመስገን። ስለ ጉልበቴ፤ ስንት ዓመት መኪና ስረግጥ አላስቸገረኝም። ስለ ዓይኔም ተመስገን፤ በዚህ ዕድሜዬ ያለ መነጽር መርፌ እሰካለሁ፣ ገና በሃያ ምናምን ዓመታቸው መነጽር ከሚያደርጉ አንዳንድ ሰዎች..."

"ቁሚ!" አሉ ጋሽ ወልደሰንበት። "ይኼ ሽሙጥ ነው እንጂ ምስጋና አይደለም። እንደገና።"

ሚኒባሱ ሳቀ። የድንቅቱ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ያየሁ መሰለኝ፤ በሳቅ ይሁን በንዴት ግን አላወቅኩም።

"ስለ ዓይኔ ተመስገን" አልኩ ዋጥ አድርጌ። "በቃ። ስለ ዓይኔ።"

ወደ ላይ ስንወጣ ቃሉ እየቀናኝ መጣ። ስለ መልአኩ አመሰገንኩ፤ ስገነፍል አብሮኝ ስለማይገነፍል። ስለ በረንዳዬ አመሰገንኩ፤ ለካ መንገዱን ሁሉ የማየው እኔ ነኝ፤ ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ ከገጠር የመጣው ሁሉ በፊቴ አልፎ ሰላም ብሎኝ ነው የሚሄደው። አንድ ቀን ብቀር "ዛሬ ምን ሆና ነው?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ስለ ባለ ሱቁ፤ ዝናብ ሲዘንብ ያለ ምንም ነገር በሩን ከፍቶ መኪናዬን ስለሚያስገባልኝ። ስለ ቅዳሜ ገበያ፣ ስለ እግዜር ሰላምታ፣ ስለ ሽሮ ሳይቀር። ከጎኔ ያለችው ማኅበርተኛም "እኔም ላመስግን እንጂ" ብላ ገባችበት። ኤልያቄም "አሜን" ማለቱ አልበቃው ብሎ መዝሙር ከፈተ። ሦስት ዓመት ሙሉ 'ስጠኝ' እያልኩ ስለምን አንድም ቀን እንዲህ ሆዴ ሞልቶ አያውቅም። አድራሻዬ መቼም ጠፍቶበት አያውቅም ነበር፤ ቤት ውስጥ አልተገኘሁም እንጂ።

ሐሮ ወንጪ ስንደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። የወንጪ ሐይቅ ከታች ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። የሰርጉ ቤት ዳስ ተጥሏል፣ ሳር ተጎዝጉዟል፤ ግን ዘፈን የለም። ሴቶቹ በየጥጉ ያንሾካሽካሉ። ኦቦ ሂርጳ ማዳበሪያቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ዳሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጉደር ውለው፣ ዘመድ ቤት አድረው፣ "እንዲህ የምትባል ሰፊ እዚህ የለችም" ሲባሉ ልጃቸው የተታለለች መስሏቸው መመለሳቸው ነው። በሰፈሩ የድንቅቱ ስም እንደ አታላይ ሲነሳ ነው የዋለው።

ከሚኒባሱ መጀመሪያ የወረድኩት እኔ ነኝ። ድንቅቱ አታላይ ተብላ አንድ ደቂቃ መቆም አልነበረባትም። ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ቀላቅዬ፣ "ድንቅቱ አላታለለቻችሁም። ሱቋ አምቦ ነው፤ ልብሱም ካለቀ ቆይቷል። ኦቦ ሂርጳን በቅናት ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ። ዲፋማ፣ ይቅር በሉኝ" ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ።

"ስሚ፣ አዴ" አሉ፣ "ጉደር ፏፏቴ አለ ሲሉ ዕድሜ ልኬን እሰማለሁ። አይቼው አላውቅም ነበር። ትናንት አንቺን ፍለጋ፣ እሷን ማለቴ ነው፣ ስዞር ሁለት ጊዜ አየሁት። ደስ ይላል። ደግሞ ነገ ሰርግ ነው፤ የምቆጣበት ጊዜ የለኝም። ልብሱ የታለ?"

ልብሱ ሲወርድ እልልታው ቀለጠ። ሃዋኒ እያለቀሰች ወጥታ እየሳቀች ገባች። ችግሩ ስትለብሰው መጣ። ልኬቷ ከተወሰደ ወዲህ በሰርጉ ሐሳብ ከስታ ኖሮ፣ ቀሚሱ ወገቧ ላይ ሰፋ፤ ትከሻዋም ወረደ። ድንቅቱ ወዲያው መርፌና ክር አወጣች፣ እጇን ወደ ግንባሯ ላከች፣ ከዚያ ቦርሳዋን ዘረገፈች።

"መነጽሬ ቤት ቀርቷል" አለች።

የስፌት መኪና እዚያ የለም። ጀምበር ሳትጠልቅ በእጅ መሰፋት አለበት። ድንቅቱ መርፌውን ሳታየኝ ወደኔ ዘረጋችው።

ተቀበልኳት። በር ላይ፣ ብርሃኑ ያለበት ቦታ፣ ተንበርክኬ ሰፋሁ። እሷ በስፒል ትይዛለች፣ "እዚህ ጋ አጥብቢ"፣ "እሱን ልቀቂው"፣ "ዝቅ" ትለኛለች፤ እኔ "እሺ" እላለሁ። እኔ ነበርኩ እንዲህ የማዛት። ለማጥበብ ቀሚሱን ገልብጬ ውስጡን ሳይ ግን እጄ ቆመ። ማንም የማያየው የውስጥ ስፌት ሁሉ እጥፍ ሆኖ፣ ጠርዙ ተደብቆ፣ አንድ ክር ሳይንጠለጠል ተሰፍቷል። ይህን አሰፋፍ አወቅኩት። "ውስጡ የማያምር ልብስ ላዩ ቢያምር ውሸት ነው" እያልኩ፣ እየፈታሁባት፣ እያስለቀስኳት ያስተማርኳት ስፌት ነው። እኔ "ማን ያየዋል" ብዬ ከተውኩት ቆይቷል። እሷ አልተወችውም።

ዕድል መስሎኝ ነበር። ፎቁና መስታወቱ የመጣው እንዲሁ እግዜር ስላዳላ መስሎኝ ነበር። ለካ ይህች ልጅ የኔን እጅ ይዛ፣ እኔ በጣልኩት ሥራ ላይ ስትተጋ ኖራለች። እግዜር ለሷ የሰጠው በኔ እጅ አሳልፎ ነው፤ እኔም ገና ዱሮ በስጦታው ውስጥ ነበርኩበት። የገዛ ፍሬዬን ነው ስቀናበት የኖርኩት! እንባዬ መጣ፤ በዚያው ላይ ሳቄ መጣ።

"ምን ሆንሽ?" አለች ድንቅቱ። ከማኅበሩ ወዲህ የመጀመሪያ የወግ ቃሏ ነው።

"ያምራል" አልኳት። "ድንቅቱ፣ በጣም ያምራል።" ሆዴን ፈተሽኩት፤ "ያሳንስልሽ" የሚለው ድምፅ አልነበረም።

"ጨርሺ፣ መሸ" አለች፤ ድምጿ ግን ለስልሷል።

እዚያው አደርን፤ እሑድ የሃዋኒ ሰርግ እንዴት እንደነበር ልናገር ብል አልጨርሰውም። ሙሽራዋ ስትወጣ ሐይቁ ራሱ የቆመላት ነው የሚመስለው። እኛ "በሰዓቱ እንመለስ" ብንል ማን ሊለቀን! ጋሽ ወልደሰንበት በሰባ ስምንት ዓመታቸው ጨፈሩ፤ ኤልያቄም "እኔ በዘፈን አልጨፍርም" እያለ ጭብጨባውን ሲመታ ዋለ። ልብሱን ላደነቀ ሁሉ ሰፊዋን እያሳየሁ፣ "አዲሱ ሕንፃ፣ አንደኛ ፎቅ፣ ፎቶዋ ደረጃው ሥር አለ" እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። ድንቅቱ ከሩቅ ሰምታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ሱቅ ነይና አብረን እንሥራ" አለችኝ። "ቦታ አለኝ።"

"አይ እህቴ፣ በረንዳዬ ይበቃኛል" አልኳት። ድሮ ብትለኝ ኖሮ ይህንኑ በኩራት እላት ነበር። አሁን ግን እውነቴን ነበር፤ በቅቶኛል። "ሲበዛብሽ ግን ላኪልኝ። ውስጡን እንደ ድሮው አድርጌ እሰፋልሻለሁ።"

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አምቦ ገባን። የቀሩት ማኅበርተኞች ድንቅቱ ቤት ተሰብስበው ይጠብቁናል፤ ጽዋው እንደተሸፈነ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጋሽ ወልደሰንበት ሣር የተጣበቀበትን ነጠላቸውን አራግፈው ቆሙ። ድንቅቱ ጽዋውን አነሳች። እኔ ከፊቷ ቆምኩ።

"ሰጪና ተቀባይ፣ በልባችሁ ቂም አለ?"

"የለም!" አልኩ፤ ሳይጨርሱ።

"አለ" አለች ድንቅቱ።

 ለመቀበል የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ።

"ስለ ጉደሩ አይደለም" አለች። "እሱን ኦቦ ሂርጳ ይቅር ካሉ እኔ ማነኝ። የኔ ቂም ሌላ ነው።" ጽዋውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "ሱቄን የከፈትኩ ቀን ቄሱ ጸበል ረጭተው ሲጨርሱ ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ ዞር ብዬ አንቺን ፈለግኩሽ። 'እትዬ፣ አየሽ?' ልልሽ ነበር። አልነበርሽም። ከዚያም ወዲህ አንድ ጥሩ ነገር በገጠመኝ ቁጥር እየሮጥኩ እነግርሻለሁ፤ ትስቂልኛለሽ፤ ቤቴ ስመለስ ግን ብቻዬን የተደሰትኩ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ትናንት ነው የገባኝ። ሦስት ዓመት ደስታዬን ብቻዬን ነው የበላሁት፣ እትዬ። እናቴ ሞታለች። ከአንቺ ሌላ ማን ነበረኝ?"

ቀንቼ የጎዳሁት ራሴን ብቻ መስሎኝ ነበር። የሰረቅኋት ነገር እንዳለ አላወቅኩም።  ይቅርታ ብቻውን አነሰብኝ። እጇ ላይ ያለውን ጽዋ በአንድ እጄ ደገፍኩላት፣ በሌላው እንባዋን ጠረግኩላት።

"ንገሪኝ" አልኳት።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። እንዳልሰማሁ አድርገሽ፣ ሱቁን ከከፈትሽበት ቀን ጀምረሽ።"

"አሁን? ሰው ቆሞ?"

"ሰው ይቀመጥ" አሉ ጋሽ ወልደሰንበት፣ ራሳቸው ቀድመው ሶፋው ላይ እየተቀመጡ።

ድንቅቱ ጽዋውን ጭኗ ላይ አድርጋ ጀመረች። መጀመሪያ እያፈረች፣ ከዚያ እየሞቃት። መስታወቱ ሲገጠም እንዴት መንገድ ላይ ቆማ እንዳየችው፣ የመጀመሪያዋ ሙሽራ ማን እንደነበረች፣ የኤሌክትሪክ መኪናው ሲነሳ ደንግጣ እንዴት ከወንበሯ እንደዘለለች፣ ለፎቶው ስንት ጊዜ እንደተኳለች። እኔ እስቃለሁ፣ "ከዚያስ?" እላለሁ፣ የእልልታው ቦታ ሲደርስ ተነስቼ እልል እላለሁ። ሴቶቹም ይከተሉኛል። ከሦስት ዓመት በፊት ለተከፈተ ሱቅ በዚያ ማታ እልል ስንል መንገደኛው ቆሞ "ማን ተዳረ?" ብሎ ጠየቀ አሉ።

ስትጨርስ ቀና ብላ ጋሽ ወልደሰንበትን አየቻቸውና "አሁን የለም" አለች። ጽዋውን በእጄ አኖረችልኝ። ስሜው ተቀበልኩ።